«ጥያቄ አለ?» ሲባል «የለም» ያለችው አምበል

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አማትና ምራት ስንጨዋወት ከርመን ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ላወራችሁ ነው ብል «ምነው ልጄ፣ ይሄንንስ ለስፖርት ገጹ አትተውለትም?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ቆይማ፣ አትቸኩሉ! ነገርዬው ላይ ላዩን ኳስ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጓደኝነት አለ፤ ይሉኝታ አለ፤ ማተብ አለ፤ የሁለት ጎረቤታሞች እናቶች ኩርፊያም አለበት። ኩርፊያ ያለበት ነገር ደግሞ የዚህ ገጽ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከደቡብ ጎንደር ነው። የልጅቷን ስም አልጠራም፤ ትምህርት ቤቷንም አልናገርም። ከጉና ተራራ ግርጌ ካሉት ከተሞች በአንዷ የምትማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት በሉልኝ፣ ይበቃል። የትምህርት ቤቷ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ናት። አራት ገጽ ሙሉ ጽፋለች። ሁለቱ ገጽ ላይ ቀለሙ ፈሷል፤ ዝናብ ይሁን ዕንባ እኔ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። ዳኛው ከዚህ ቀደም 9ኛ ክፍል እያለች ያስተማሯት የስፖርት መምህር ናቸው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል የሁለቱን ቡድን አምበሎች ወደ ጠረጴዛው ጠሩና አጨባበጧቸው። «በሰላም ተጫወቱ፤ ጭቅጭቅ አልፈልግም» አሉ። ቀጥለውም «ጥያቄ አለ?» ብለው ጠየቁ። የዚያኛው ቡድን አምበል «የለም» አለች። የኛዋም ተከትላ «የለም ቲቸር» አለች። በቃ፣ አለቀ። ስብሰባው አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ልጆቹ መሐል ሜዳ ቆመው ኳሷ ልትነሳ ስትል ዳኛው አንዷን ተጫዋች አዩዋት። አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አለ፤ ክሩ ላይ ትንሽ የብረት መስቀል ተንጠልጥሏል። «አንቺ! እሱን በጥሺና ግቢ!» አሏት። ታዲያላችሁ የተማሪው፣ የአስተማሪው፣ አጥር ላይ የተንጠላጠለው የሰፈር ልጅ ሁሉ ጆሮው እዚያ ነው። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። «ማተቤን? አልበጥስም!» አለችና ዕንባዋን እያዘራች ከሜዳ ወጣች። የቡድኑ ረጅሟ ልጅ እሷ ነበረች። በምትኳ ሌላ ገባች፤ ጨዋታው ቀጠለ፤ ተሸነፉ።

መሸነፉስ ባልከፋ ነበር። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። የወጣችው ልጅ አምበሏን «አንቺ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ሄደሽ ምን ትሠሪ ነበር? ቆመሽ አየሽኝ አይደል?» ብላ ዘጋቻት። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ቡና ይጠራራሉ። አሁን ማኅበሩ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ቡናውም ቀርቷል። አምበሏ ደብዳቤዋን ስትጨርስ ሁለት ነገር ጠይቃኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ? አምበልነቱንስ ብተው ይሻላል ወይ?

እህቴ፣ እንዲህ ላለው ጥያቄ ባንድ ቃል መልስ የሚሰጥ ሰው ካገኘሽ አትመኚው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኛም ከሥሩ እንጀምር።

ሁለት ስብሰባ አለ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከጨዋታ በፊት የሚደረገው ስብሰባ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው የዳኞቹ የራሳቸው ነው። ልምድ ያላቸው ዳኞች ሜዳ ላይ ከመታየታቸው በፊት ለብቻቸው ይቀመጡና ይነጋገራሉ። ማን ቅርጫቱ ሥር ይቆማል? ማን ከኋላ ይከተላል? ኳሷን ማን ያያል፣ ኳስ ያልያዙትንስ ማን ይጠብቃል? ሁለታችን በአንድ ጊዜ ፊሽካ ነፍተን እኔ ወዲህ አንተ ወዲያ ብናሳይ ምን እናደርጋለን? ይሄን ሁሉ አስቀድመው ይጨርሱታል። እዚያ ስብሰባ ላይ አምበል አይገባም። አይገባም ማለት ግን አይነሳም ማለት አይደለም። ዳኞቹ የሁለቱን አምበሎች ማንነትና ቁጥር ማወቅ ይፈልጋሉ። ለምን ቢባል ችግር ሲመጣ ከአስር ልጅ ጋር ከመጯጯህ ከሁለት ልጅ ጋር መነጋገር ስለሚቀል ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ አንቺ የሄድሽበት ነው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ዳኛው አሠልጣኞችንና አምበሎችን ጠርቶ ማነጋገሩ የታወቀ ሥርዓት ነው። የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም የፊባ፣ ደንብ ስለ አምበል ሲናገር ግን ስለ ስብሰባው ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። እኔ ደብረ ታቦር ስማር ያየሁት እንኳ እንደ ዳኛው ጠባይ ይለያያል። አንዱ ጠርቶ አስር ደቂቃ ይመክራል፤ ሌላው እጅ አጨባብጦ ይሸኛል። አንዳንዱ ጭራሽ አይጠራም። ስለዚህ ስብሰባውን ስብሰባ የሚያደርገው የዳኛው ንግግር ብቻ ሳይሆን የአምበሉም ጥያቄ ነው።

ደግሞ እግር ኳስ ያየ ሰው ሁሉ አምበሎች የሚጠሩት ሳንቲም ለመጣል ይመስለዋል። በቅርጫት ኳስ ሳንቲም የለም፤ ጨዋታው የሚጀመረው ኳሷ በሁለት ተጫዋቾች መሐል ወደ ላይ ተወርውራ ነው። ሳንቲም የሚጣለው ሦስት ለሦስት በሚባለው፣ በአንድ ቅርጫት በሚደረገው ጨዋታ ነው። በአምስት ለአምስቱ ግን አምበሉ ጠረጴዛው ጋ የሚሄደው ዕጣ ሊያወጣ አይደለም፤ ሊነጋገር ነው።

የአምበል ሥራ ከጥንት

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ታኅሣሥ ወር በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የኮክ ቅርጫት ሰገነት ላይ ሰቅሎ ተማሪዎቹን አጫወተ። የጻፈው ደንብ 13 አንቀጽ ብቻ ነበር። የመጨረሻው አንቀጽ ምን ይላል መሰላችሁ? ጨዋታው እኩል ለእኩል ካለቀ፣ ሁለቱ አምበሎች ከተስማሙ፣ ሌላ ጎል እስኪገባ ሊቀጥል ይችላል ይላል። ጉድ በሉ! ጨዋታው ሲወለድ ጀምሮ የአምበል ሥራ ከሌላው አምበል ጋር መስማማት ነበር።

ዛሬ ደንቡ ሰፍቷል። በፊባ ደንብ አምበሉን የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ቢያንስ 40 ደቂቃ ሲቀረው የተጫዋቾቹን ስምና ቁጥር ለመዝጋቢው ሲሰጥ አምበሉ ማን እንደሆነም ያሳውቃል። አምበሉ ቡድኑን ወክሎ ሜዳ ውስጥ ዳኛውን ማነጋገር ይችላል፤ ግን ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። በጨዋነት መሆን አለበት፤ መረጃ ለማግኘት መሆን አለበት፤ ኳሷ ከጨዋታ ውጭ ሆና ሰዓቱ በቆመበት ጊዜ መሆን አለበት። ቡድኑ በውጤቱ ላይ ክስ አለኝ ካለ ጨዋታው ካለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ የውጤት መዝገቡ ላይ የሚፈርመው አምበሉ ነው። አሠልጣኙ መቀጠል ካልቻለና ምክትል ከሌለው ደግሞ አምበሉ እየተጫወተ አሠልጣኝ ይሆናል። አያችሁ? ትንሽ ሥራ አይደለም እኮ!

እግር ኳሱም ዘግይቶ ወደዚህ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን ውስጥ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ዳኛውን ቀርቦ ማብራሪያ የሚጠይቀው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሌላው ተጫዋች ዳኛውን ከቦ ቢጮህ ቢጫ ካርድ ይጠብቀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ሲናገር የማንም አይሰማም።

እኛ አገር አምበል ሲባል የሚታወሰን ዋንጫ ነው። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ያቺን ፎቶ ያየ ልጅ ሁሉ አምበል መሆን ይመኛል። ዋንጫ የሚቀበለው እጅ ግን መጀመሪያ የዳኛ እጅ የጨበጠ መሆኑን ማንም አያስብም። ዋንጫው ባንድ ቀን ነው፤ ዳኛ ፊት መቆሙ በየሳምንቱ ነው።

ታዲያ ዳኛው ተሳስተዋል?

እንግዲህ ወደ ማተቡ እንምጣ። ለደብረ ታቦር ሰው ማተብ ምን እንደሆነ ላስረዳ ብል ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ሕፃን ሲጠመቅ አንገቱ ላይ የሚታሰር ነው። በእኛ አፍ «ማተቡን የበጠሰ» ማለት ክር የቆረጠ ማለት አይደለም፤ የከዳ ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ በመቶ ሰው ፊት «በጥሺ» ስትባል የሰማችው ዳኛው ያሉትን አልነበረም። እሳቸው ስለ ክር ተናገሩ፤ እሷ ስለ ሃይማኖቷ ሰማች።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ደንቡ ከዳኛው ጋር ነው። ፊባ ጌጣጌጥ አድርጎ መጫወትን ይከለክላል፤ ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ጥፍር እንኳ ማጠር አለበት ይላል። የብረት መስቀል ዓይን ሊወጋ ይችላል፤ ክሩ በሌላ ልጅ ጣት ተይዞ ቢሳብ አንገት ያንቃል። «ማተብ ጌጥ አይደለም» ብትዪኝ እስማማለሁ። ለሚወጋው ዓይን ግን ልዩነት የለውም። ዳኛው ከደንቡ አልወጡም፤ የወጡት ከቃሉ ነው። «በጥሺ» ማለትና «ፈትተሽ አስቀምጪው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። መምህር ደግሞ ይሄ አይጠፋውም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቺዮን ላይ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የኳታር ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሞንጎሊያ ጋር ሊጫወት ሲል ሂጃባችሁን አውልቁ ተባለ። አናወልቅም ብለው ሳይጫወቱ ወጡ። ያኔ የፊባ ደንብ የራስ መሸፈኛ አይፈቅድም ነበር። ነገሩ እዚያ አልቆመም፤ ተጫዋቾች ጠየቁ፣ ፌዴሬሽኖች ተከራከሩ፣ ፊባም እ.ኤ.አ. በ2017 ደንቡን ቀይሮ ፊትን እስካልሸፈነና ለጉዳት እስካላጋለጠ ድረስ የራስ መሸፈኛ ፈቀደ። ስለዚህ ቡድንሽ ውስጥ ሂጃብ የምታደርግ እህት ካለች ዛሬ ደንቡ ከእሷ ጋር ነው። ይሄንንም ብትሆን ከጨዋታው በፊት ለዳኛው ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ የድሮውን ደንብ ብቻ የሚያውቅ ዳኛ ሊገጥምሽ ይችላላ!

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እምነትና ደንብ ሜዳ መሐል ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ይጎዳሉ። አስቀድመው ጠረጴዛ ጋ ሲገናኙ ግን መላ አይጠፋም። እኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ሰዎች ከተጣሉ በኋላ ነው። የአምበሎች ስብሰባ ማለት ግን ከጠብ በፊት የሚቀመጥ ሽምግልና ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውም ለዚህ አይደል?

ምን ትጠይቂ?

«ጥያቄ አለ?» ሲባል «የለም» የምንለው ጥያቄ ስለሌለን አይደለም። ይሉኝታ ይይዘናል። ዳኛው መምህራችን ነው፤ ታላቅ ነው፤ «ይቺ ደግሞ ምን ልታውቅ ነው» እንዳይለን እንፈራለን። ስለዚህ ጥያቄሽን ቤት ሆነሽ አስበሽ ሂጂ። እኔ ብሆን እነዚህን እይዝ ነበር፦

አንደኛ፣ ስለ ልብስና ስለ ሰውነት። «ቲቸር፣ ማተብ ያሰሩ፣ የጆሮ ጌጥ ያላቸው፣ ፀጉራቸው ላይ ማስያዣ ያደረጉ ልጆች አሉን። የቱን ያስወልቁናል? አሁን ቢነግሩን ልብስ መቀየሪያው ጋ እንጨርሳለን።» በቃ፣ ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ናት። ያን ቅዳሜ ብትባል ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ አንጻጻፍም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መስመሩ። የእኛ አገር የትምህርት ቤት ሜዳ መቼም ታውቁታላችሁ። አንዱ ሲሚንቶ ላይ ቅርጫት ኳሱም መረብ ኳሱም ተሠምሮበታል፤ ግማሹ ቀለም ለቋል። የውጭ መስመሩ የትኛው ነው? የሦስት ነጥቡስ ይታያል? ኳሷ አጥሩን ወይ ዛፉን ብትነካስ? ከጨዋታው በፊት ከተጠየቀ መረጃ ነው፤ ነጥብ ከገባ በኋላ ከተጠየቀ ክርክር ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰዓቱ። የፊባ ጨዋታ አራት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። በትምህርት ቤት ውድድር ግን ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱን የማያቆሙም አሉ። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት መወርወር አለበት ይላል ደንቡ፤ የሚቆጥር መሣሪያ በሌለበት ማን ይቆጥራል? ዳኛው በአፋቸው ይቆጥራሉ ወይስ ጨርሶ ይተዉታል? ጠይቂ።

አራተኛ፣ ስለ ሰማዩ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጉና በኩል ደመና ከመጣ ፀሐይ ነበረች ብሎ ማመን ያስቸግራል። ዝናብ ቢጥል ወይ ቢመሽብን ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ እንደገና ይጀመራል? እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ የዚህን ጥያቄ ዋጋ ያውቃል።

አምስተኛ፣ ስለ ራስሽ። «ጥያቄ ቢኖረኝ መቼ ልቅረብዎት?» በያቸው። ይቺ ከሁሉም የምትበልጥ ናት። ዳኛው ያን ጊዜ አንቺን እንደ ጨቅጫቃ ሳይሆን ሥራዋን እንደምታውቅ ልጅ ያዩሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደክሟችሁ ዕረፍት ስትፈልጉ አምበል እጇን አውጥታ ዳኛውን «ታይም አውት!» ስትል አይቻለሁ። አይሰራም። በፊባ ደንብ ዕረፍት የሚጠይቀው ዋናው አሠልጣኝ ወይም ምክትሉ ነው፤ ያውም በጠረጴዛው በኩል። ከፎገራ ሜዳ ወደ ደጋው የመጣ ቡድን ትንፋሽ ሲያጥረው አምበሏ መጮህ ያለባት ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ አሠልጣኟ ነው።

ምን አትጠይቂ?

«ባለፈው ጊዜ አዳልታችሁብናል» ብለሽ አትጀምሪ። የድሮ ቂም ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ ቅራሪ ይዞ ሠርግ ቤት እንደመሄድ ነው። ስለ ሌላው ቡድን ልጅም ክስ አታቅርቢ፤ «ያቺ ትማታለች፣ ይጠብቋት» የምትል አምበል ዳኛውን ገና ሳይጀመር ታስቀይማለች። ማስቲካ እያኘክሽ አትቁሚ። «አንቺ አፍ አለሽ፣ አንቺ ሂጂ» ብለሽ ጓደኛሽንም አትላኪ፤ መዝገቡ ላይ አምበል ተብሎ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው።

እዚያ የቆመችውን የሌላውን ቡድን አምበል ደግሞ አትርሺ። ጠላትሽ አይደለችም። እሷም ማተብ ያሰረች ልጅ ቡድኗ ውስጥ ይኖራታል፤ እሷም ፈርታ ነው «የለም» ያለችው። አንቺ ስትጠይቂ ለእሷም ትጠይቂላታለሽ። በገና ጨዋታ ሁለት የቡድን አባቶች ቆመው ልጅ ሲከፋፈሉ አይታችሁ የለም? ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ አብረው ነው የሚሠሩት። ዱላው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰምተሽ ዝም አትበዪ

ስብሰባው የሚያልቀው ከዳኛው ስትለዪ አይደለም፤ ልጆቹ ጋ ስትመለሺ ነው። ቋሚ አምስቱንም ተቀያሪዎቹንም ሰብስበሽ የሰማሽውን ባጭሩ ንገሪያቸው። «ጌጥ አውልቁ ብለዋል፤ መስመሩ ነጩ ነው፤ 24 ሰከንዱን በአፍ ይቆጥራሉ፤ ዳኛ የምታናግር እኔ ብቻ ነኝ።» ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ለአሠልጣኙም ድገሚለት። መልእክት ተቀብሎ ያላደረሰ ሰው እንዳልሄደ ነው የሚቆጠረው።

ማተቡንስ ምን እናድርገው?

እኔ የማውቀው አንድ ቡድን ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ። ልጆቹ ከጨዋታ በፊት ማተባቸውን ራሳቸው ይፈቱና አምበሏ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ቋጠሮውን ሜዳ ዳር የምትቀመጥ አንዲት ትልቅ ሴት ትይዝላቸዋለች። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ያሸንፉም ይሸነፉም፣ ክብ ሠርተው አንዷ የሌላዋን ታስርላታለች። ማንም በጥሺ አላላቸውም፤ ማንም አልበጠሰም። ይሄ ለእናንተ ይሆን አይሆን እናንተ ታውቃላችሁ።

«እኔ ለማንም ብዬ አልፈታም» የምትል ልጅ ካለች ደግሞ መብቷ ነው፤ ማንም ሊጫናት አይገባም። ግን ይሄን ውሳኔ ቅዳሜ መሐል ሜዳ ላይ ሳይሆን ሐሙስ ልምምድ ላይ ትናገረው። አሠልጣኙ ቡድኑን ያለ እሷ ያሰናዳል፤ እሷም በሰው ፊት አታለቅስም። ዋጋ የሚያስከፍል ውሳኔ ነው፤ አላስዋብልሽም። ቢሆንም አስቦ የከፈሉት ዋጋና ተገፍቶ የከፈሉት ዋጋ አንድ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄሽ

ጥፋቱ ያንቺ ነው ወይ? የአራት ሰው ነው። መምህሩ ቃላቸውን መምረጥ ነበረባቸው። አሠልጣኙ ደንቡን ልምምድ ላይ ማስተማር ነበረበት። ጓደኛሽም ብረት አንገት ላይ አድርጎ መጫወት እንደማይቻል መጠየቅ ትችል ነበር። ያንቺ ድርሻ ሩቡ ነው። ሩብ ግን ባዶ አይደለም። «ጥያቄ አለ?» የተባልሽው አንቺ ነሽ፤ የሌሎቹን ሦስት ሰዎች ስህተት ልታርሚ የምትችዪባት ደቂቃ ያንቺ እጅ ላይ ነበረች።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጓደኛሽ ሂጂ። ሽማግሌ አትላኪ፤ እናትሽን አታስቀድሚ፤ ራስሽ ሂጂ። «ዳኛው ናቸው» ብለሽ አትጀምሪ። «ጠይቂ ተብዬ አልጠየቅሁም፤ ላንቺ መናገር ነበረብኝ» በያትና ዝም በዪ። ቶሎ ላትመልስልሽ ትችላለች። የሰው ማተብ የተነካበት ቁስል በአንድ ቡና አይሽርም፤ ደግመሽ ሂጂ። የእናቶቹን ነገር ለእናቶቹ ተዪው። ልጆች ሲታረቁ ያዩ እናቶች ብዙ አይቆዩም።

ቀጥሎ መምህሩን አናግሪያቸው። አትፍሪ፤ አስተምረውሻል። ለብቻቸው ባሉበት፣ ከሌላ ጨዋታ በፊት፣ «ቲቸር፣ ያን ቀን ልጅቷን በጣም ከፍቷታል። ለወደፊቱ ከጨዋታ በፊት ቢነግሩኝ እኔው አስፈትቼ አመጣቸዋለሁ» በያቸው። ይሄ ክስ አይደለም፤ ሥራቸውን ማቅለል ነው። ደህና ዳኛ እንዲህ የምትለውን አምበል አይጠላም፤ ይፈልጋታል እንጂ።

አምበልነቱን ልተው ወይ ላልሽኝ ደግሞ፣ የኔ መልስ አትተዪው ነው። ብትተዪው በምትክሽ የምትገባዋ ልጅ ያን ጠረጴዛ ጋ ቆማ «ጥያቄ አለ?» ስትባል ምን የምትል ይመስልሻል? «የለም» ነዋ! ያቺ ቃል ምን እንደምታስከፍል ከቡድናችሁ ውስጥ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አሠልጣኙ ቀይሮ ሌላ ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ለአዲሷ አምበል ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈሽ ስጫት።

ሌሎቻችሁም አንባቢዎቼ፣ ሜዳ ረግጣችሁ የማታውቁ ሁሉ፣ ይሄ ለእናንተም ነው። ቤት ስትከራዩ፣ ሥራ ስትቀጠሩ፣ ሽማግሌ ስትልኩ «ጥያቄ አለ?» የምትባሉባት ደቂቃ አለች። ደቂቃዋ አጭር ናት፤ በተለይ ሌላ ሰው ወክላችሁ የቆማችሁ ቀን።

ደብዳቤያችሁን እጠብቃለሁ። ለሳምንቱ ቸር ይግጠመን!